የእማማ ጠጄ እንቁራሪት

እማማ ጠጄ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ከሌንሳ ጋር ይኖራሉ። ሌንሳ ቂሊንጦ ፋብሪካ ስለምትሠራ ጎህ ሳይቀድ ሰርቪስ ይወስዳታል፤ ስትመለስ ደግሞ ድካም ይጥላታል። ባላቸው ቢቂላ ካረፉ ወዲህ እማማን ቀኑን ሙሉ የሚያናግራቸው የለም።

በዚህ ክረምት ከብሎኩ ጀርባ ለቧንቧ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ውሃ ቋጠረና አንድ እንቁራሪት ገባበት። አመሻሽ ላይ ሲጮህ እማማ ወዲያው ለዩት። አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሳይገቡ በፊት ከነበራቸው እርሻ ጫፍ፣ ከረግረጉ ይወጣ የነበረው ዓይነት ነው፤ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ጀርባው ሸንተረር ሸንተረር፣ ሲደነግጥ ሳሩን አልፎ ርቆ የሚዘል። የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴቷን ሲጠራ። ያኔ ረግረጉ ሙሉ እየተቀባበለ ይጮህ ነበር። ይሄኛው ግን ጠርቶ ጠርቶ ዝም ይላል።

እማማ ማታ ማታ የደረጃውን ብረት ይዘው እየወረዱ አጠገቡ ይቀመጡ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የብሎኩ ኮሚቴ አባል አብርሽ በገልባጭ መኪና አፈር አስመጣ።

«እማማ፣ ልንደፍነው ነው። ልጅ ይገባበታል።»

«ልክ ነህ ልጄ። ትንሽ ብቻ ታገሠኝ።»

ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡና እንቁራሪቱን በነጠላቸው ያዙት። እርጥብ ሳር ባለበት ባልዲ ውስጥ ከተው፣ ባልዲውን በጨርቅ ሸፍነው ታክሲ ተሳፈሩ።

አቃቂ ያለው የድሮ እርሻቸው የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል። ዘበኛው ወልደገብርኤል በሩ ላይ አስቆማቸው።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«ማንንም። ረግረጉ ጋ ይሄን ልለቅ ነው።»

ባልዲውን ገልጦ አየ። ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አይቶ ተወው። «አጥሩ ሥር ትንሽ ቀርቷል» ብሎ መራቸው።

ደንገሉ መሃል ውሃ ነበር። እማማ ባልዲውን አዘነበሉት። እንቁራሪቱ አንዴ ዘለለና ጠፋ። ቆመው አዳመጡ፤ የሚሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው።

«እዚህ ማታ ይጮሃሉ?»

«እኔ የቀን ተረኛ ነኝ እማማ። አላውቅም።»

ሌንሳ ከሥራ ስትገባ እናቷ የተከፈተው መስኮት ጋ ቁጭ ብለው ነበር።

«ምነው እማዬ፣ ዛሬ አልወረድሽም?»

«ጉድጓዱ ተደፈነ።»

ሌንሳ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን ልበላት ብለው ዞር ሲሉ እንቅልፍ ወስዷታል። ጋቢያቸውን አለበሷትና መስኮቱን ዘጉ።