የጋሼ ባህረዲን በርጩማ

ሸዋርካብሽ እጇን ከካርቶኑ አውጥታ የተጠቀለለችውን ዕጣ ለአክሲዮኑ ጸሐፊ ሰጠችው። ጸሐፊው ፈታ አድርጎ አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ግራውንድ፣ መንገድ ዳር፣ የመጀመሪያው ሱቅ። እልልታው አዲሱን ፎቅ አናጋው።

እልል ቢባል ሲያንስ ነው! ነጋዴዎቹ ቆርቆሮ ሱቆቻችሁ ሊፈርሱ ነው፣ ወይ በጋራ ፎቅ ገንቡ ወይ ቦታውን ልቀቁ የተባሉ ጊዜ፣ እነዚህ ናቸው ፎቅ የሚሠሩት ብሎ ያልሳቀባቸው አልነበረም። የዚፕና የዳንቴል ቸርቻሪው፣ ሚስማር ሻጩ፣ የጆንያ ነጋዴው ተሰባስቦ አክሲዮን አቋቋመ። ዚፕ ሻጯ ሸዋርካብሽ ድርሻዋን የከፈለችው የጆሮ ወርቋን ሸጣ ነው። አሁን ጎጃም በረንዳ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የእነሱን ፎቅ ያያል። እሷም ባየችው ቁጥር ደረቷን ትነፋለች፤ ትንፋ እንጂ፣ ማን ሠራላትና!

ለጋሼ ባህረዲን ግን አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ሚስማር የሚሸጥ ሰው አራተኛ ፎቅ! አንድ ኪሎ ሚስማር ብሎ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወጣ ገዢ ከየት ይመጣል? ሊፍቱ እንደሆነ ዛሬ ነገ ይገጠማል እየተባለ ነው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳያጠቁሩ፣ ከእንግዲህ ከእንጦጦ ጋር ፊት ለፊት እንተያያለን ብለው ሰዉን አሳቁት። ሸዋርካብሽ አልሳቀችም። የሷ ዕጣ የወደቀበት ቦታ ድሮ የእሳቸው ቆርቆሮ ሱቅ የነበረበት ነው። የሷ ከጎኑ ነበር፤ በመሃላቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ። እናቷ ሞታ ቡልጋ ለቅሶ በሄደች ጊዜ ሱቋን ከፍተው የሸጡላት፣ ስትመለስም ሽያጩን በመሐረብ ቋጥረው ያስረከቧት እሳቸው ናቸው።

ሰዉ ገና ሳይበተን ደላላው ጥጋቡ ከተፍ አለ። ከሚሌኒየሙ ወዲህ ከተማው ሁሉ ቦታ ቦታ ይላል፤ ባንኩም፣ አስመጪውም፣ ከውጭ የተመለሰውም ግራውንድ ካልሆነ አይልም። ጥጋቡ ዋጋውን በጆሮዋ ሹክ ሲላት ልጇ ሔርሜላ ሰምታ ክንዷን ጭምቅ አደረገቻት።

"እማዬ፣ በዚህ እኮ የራሳችን ቤት እንገዛለን። ከኪራይ እንወጣለን።"

ልጅቷ እውነቷን ነው። አከራይ ልቀቂ ባላት ቁጥር ሸዋርካብሽ ዕቃዋን ጭና ያልዞረችበት ሰፈር የለም። ልቧ ወደ መሸጡ አዘነበለ። ግን ደግሞ ያን ሁሉ ሳቅ ችላ ያቆመችውን ፎቅ አንድ ቀን እንኳ ሳትቀመጥበት? እስቲ ገዢው ይምጣና ይየው አለች።

ከምሳ በኋላ ጥጋቡ ገዢውን ይዞ መጣ፤ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሰውዬ ነው። ሱቁ ጋ ሲደርሱ በሩ ላይ በርጩማ ተጋድሟል። ጋሼ ባህረዲን ወደ አንዋር መስጊድ ለሶላት ሲሄዱ ሱቃቸውን ቆልፈው አያውቁም። በርጩማ ያጋድማሉ፣ በቃ። ባለቤቱ ተመላሽ ነው ማለት ነው፤ እዚህ ሰፈር ደግሞ የተጋደመ በርጩማ የሚሻገር የለም። ዛሬም እግራቸው ወደለመደው ቦታ ወስዷቸው፣ ለዕጣው ሊቀመጡበት ይዘውት በመጡት በርጩማ የሷን በር እንደራሳቸው ዘግተው ሄደዋል።

ጥጋቡ ገዢውን ይቅርታ ጠይቆ በርጩማውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

"እንዳትነካው" አለችው ሸዋርካብሽ።

"እትዬ ሸዋ፣ ሱቁ የእርስዎ አይደለም እንዴ?"

"ሱቁ የኔ ነው። በርጩማው ግን ባለቤት አለው፤ ሶላት ላይ ናቸው። እስኪመለሱ እንቆማለን።"

ቆሙ። ገዢው በሩን በሙሉ መስታወት እንደሚያደርገው፣ ግድግዳውንም እንደሚያስፈርሰው ለጥጋቡ ይነግረዋል። ሸዋርካብሽ ዓይኗን ከበርጩማው ሳትነቅል ሰማችው። ለዚህ ሰውዬ በርጩማ፣ በርጩማ ብቻ ነው።

ጋሼ ባህረዲን ደርሰው የሆነውን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ።

"አፉ በይኝ ሸዋዬ። እግሬ ነው ያሳሳተኝ።"

"ይተውት ጋሼ፣ አያንሱት። አራተኛውን ለልብስ ሰፊዎች እናከራየው፤ ልብስ ሰፊ ብርሃን ነው የሚፈልገው፣ መንገድ ምን ያደርግለታል? ኪራዩን እኩል እንካፈላለን። ይሄንን ደግሞ በመሃል ከፍለን አብረን እንሥራበት።"

ሽማግሌው ኋላ ይቆጭሻል፣ ልጅ አለሽ፣ በእኔ የተነሳ ይህ ሁሉ ብር አይቅርብሽ ብለው ለመኗት። አልሰማቻቸውም። ገዢው እየተነጫነጨ ወደ መኪናው ሄደ፤ ጥጋቡም አምልጦት የሄደውን ኮሚሽን እያሰበ ራሱን እያከከ ተከተለው።

"ቤቱስ፣ እማዬ?" አለች ሔርሜላ፣ እንባዋ መጥቶ።

"እዚሁ ሠርተን እንገዛዋለን። ፎቅ የሠራ ሰው ቤት ያቅተዋል?"

ሸዋርካብሽ ጎንበስ ብላ በርጩማውን ወደ ግራ ገፋ አደረገችው፤ የበሩን ግማሽ ብቻ ዘግቶ ቀረ። በቀኝ በኩል ገባችና የዚፕ ካርቶኖቿን እንዲያመጣላት ተሸካሚ ጠራች።