«ቆይ» የሚሉት ሰው

የድንጋይ ማውጫው ካቦ ለቀስተኛው መሀል ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲል፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም በሩ ጥግ የቆመውን ዲጅኖ አነሳ።

ሁለት ጎረቤቶች ክንዱን ያዙት። አንዱን አፍንጫውን በክርኑ ብሎ አደማው፣ ሌላውን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ወንበር ተሰበረ፤ ሴቶቹ ግድግዳ ታከው ቆሙ።

«ልቀቁኝ። ወንድሜን የበላው እሱ ነው። ሳይፈነዳ ግባ ብሎ የላከኝ እሱ ነው።»

ካቦው አልሸሸም፣ አላስተባበለምም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ቀረ። የወንድማማቾቹ አጎት ለዚህ ቤት አንድ መቃብር ይበቃዋል ብሎ፣ ልጁን ከነዲጅኖው ጓዳ ገፍትሮ ቆለፈበት።

ሟቹን ድንጋይ ማውጫው ውስጥ ሁሉም «ቆይ» ነበር የሚሉት። ሃያ ዓመት ፈንጂ ሲያፈነዳ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነው። ሚስቱ እንኳ «ላግባሽ ለማለት ሦስት ዓመት ያስቆየኝ ሰው» እያለች ትቀልድበት ነበር። የተቀበረ ፈንጂ ሲከሽፍ ግማሽ ሰዓት ማንም ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ቆይ ከታናሹ ጎን ይቀመጣል፤ አያጨስም፣ አያወራም። መጀመሪያ እጅህ ይሰክናል፣ ቀጥሎ ልብህ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደምትረግጥ ታውቃለህ ይለው ነበር።

ታናሽየው የጓዳውን በር በዲጅኖው ሁለቴ መታው። ሳንቃው ተሰነጠቀ። አንዴ ቢደግም ይወጣ ነበር፤ ግን እጁን አየው፣ ይንቀጠቀጣል። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

መጀመሪያ የታየው የካቦው ጭንቅላት ሲፈረካከስ ነው። ደጋግሞ ገደለው፤ እየገደለው ደከመ። ከሳሎን የሚሰማው ሹክሹክታም ራቀው። እጁ ዝም ሲል፣ ሦስት ቀን ሲሸሻት የከረማት ጠዋት መጣች።

ካቦው ግባ አላለም። «ገና ነው» ነበር ያለው። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ፣ ከሽፏል ብሎ የተነሳው ታናሽየው ራሱ ነው። ቆይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆይ ሮጠ፤ ደረሰበት፣ በግንባሩ ደፋው፣ ላዩ ላይ ተኛበት። ፈንጂው ሲፈነዳ ድንጋዩ የወረደው የቆይ ጀርባ ላይ ነው።

አጎቱን ክፈትልኝ አለው። ድምፁ ረግቶ ስለነበር አጎትየው ከፈተለት። ዲጅኖውን ወለሉ ላይ ትቶ ወጣና ከሟቹ ሚስት ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ ካቦው አልላከኝም። ዋሽቻለሁ። ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን ሊያወጣ ነው የሞተው።»

ተነስታ በጥፊ አጮለችው። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደገመችው። የያዛት ሰው የለም፤ እሱም ፊቱን አላዞረም። ለሦስተኛው በአንድ እጇ ኮሌታውን ጨምድዳ፣ ሌላውን አነሳች።

የተነሳው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ኮሌታውን ግን አልለቀቀችም፤ ለቀስተኛው ሁሉ እስኪቀመጥ ድረስ እንደያዘችው ቆየች።