የተሰጠ ልጅ

ፍሬሰንበት ማን እንደሰደበው፣ መቼና የት ቆሞ እንደሰደበው አይረሳም። በ1999 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ነገሌ ላይ፣ ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ ነበር። የሰደቡት የገዛ አባቱ ሃምሳ አለቃ መንግሥቴ ናቸው። የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶ፣ ሴቶች ከነእህላቸው ተሰልፈው፣ እሱ መፍቻ ይዞ ሲፍጨረጨር አባቱ መፍቻውን ቀምተው አብሮት ላደገው ለቡሌ ሰጡት።

"የወለድኩት አንተን ነው፤ ልጄ ግን ይሄ ነው" አሉ።

ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ሳቀች። ማን እንደሆነችም ያውቃል። ዛሬም ድረስ ከሱቋ ጨው አይገዛም።

ይህንኑ እያመነዠከ ነበር መነኻሪያው ውስጥ ከአሬሮ የመጣውን ሚኒባስ የጠበቀው። አባ አብዱባ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው። ቡሌን የወለዱት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። በድርቁ ጊዜ ከብታቸው ሲያልቅ፣ ገና ዳዴ የሚለውን ልጅ አናቱን ቅቤ ቀብተው፣ በሽማግሎች ፊት ለወዳጃቸው ለሃምሳ አለቃው በጉዲፈቻ ሰጡት። ቡሌ አደገ፣ ወፍጮውን አንቀሳቀሰ፣ የአባት ዓይን ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ከብት በጫነ መኪና ወደ ሞያሌ እንደወረደ ቀረ። አሥር ዓመት አልፎታል።

"አካም ቡልቴ ልጄ? ናጋ?" አሉ አብዱባ።

"ናጋ ነው አባ። መንገዱ አደከመዎት?"

"አላደከመኝም። ፍርድ ቤት ስለ ቡሌ ይፈልግሃል አሉኝ። ተገኘ እንዴ?"

ፍሬሰንበት የላከላቸው ቃል እንዲህ ተተርጉሞ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። ሽማግሌው አዲስ ሽርጥ አገልድመዋል፤ ከሥሩ የቋጠሩት ነገር አለ፤ ሲጠጉት በቅቤ የተጠበሰ ሥጋ ሸተተው። ለልጅ የተያዘ ስንቅ መሆኑ ነው።

"መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ" አለ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ እህቱ እስከዳርና ቤቱን የሚገዛው ዶዮ ይጠብቁ ነበር። እስከዳር ሐዋሳ አስተማሪ ናት፤ ለዚህ ጉዳይ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። አባታቸው ሞተዋል፣ ወፍጮው ተቃጥሎ ቆሟል፣ ፍሬሰንበት በሰው መጋዘን ጆንያ ይሸከማል። ቤቱ ከተሸጠ በድርሻው ፊልቱ ሄዶ የራሱን ወፍጮ ይተክላል፤ አባቱን የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር። ችግሩ በቀበሌው የቤተሰብ ማኅደር ላይ ሦስት ልጆች መመዝገባቸው ነው። ቡሌ ካልፈረመ ካርታው ወደ ገዢ አይዞርም። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው አንድ መላ ነገራቸው፤ ወላጅ አባቱ ቀርቦ "ልጄ ነው፣ በጉዲፈቻ አልሰጠሁም" ካለ የቡሌ ስም ይወጣል።

"እኔ የምገዛው ቤት ነው፣ ክርክር አይደለም" አለ ዶዮ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። "ግመል ስገዛ እንኳ ባለቤቶቹ ሁሉ ተስማምተናል ብለው እጄን ይመቱኛል። ዛሬ ካላለቀ ሌላ ቤት አይቻለሁ።"

"ዛሬ ያልቃል" አለች እስከዳር። ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባ፣ ዳኛዋ ሲጠይቁዎት፣ ቡሌ የኔ ልጅ ነው፣ ከብት እንዲጠብቅላቸው ነው የላክሁት ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ።"

አብዱባ ብርጭቆውን በእጃቸው አዞሩት።

"ታዲያ አልተገኘም?"

"አልተገኘም" አለ ፍሬሰንበት። "እንዲህ ካላሉ ግን እኛም አብረን መጥፋታችን ነው። ገባዎት?"

"ሰምቻለሁ።"

ፍሬሰንበት ይህን እሺ ማለት አድርጎ ወሰደው። እዚሁ ተወልዶ፣ ኦሮምኛ እንደ አማርኛ እየተናገረ፣ ሰምቻለሁ እና እሺ አንድ እንዳልሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ቸኩሎ ነው።

ችሎቱ ጠባብና ሙቅ ነበር። ዳኛዋ በኦሮምኛ ጠየቁ።

"ቡሌ የማን ልጅ ነው?"

"የመንግሥቴ" አሉ አብዱባ።

እስከዳር የወንድሟን ክንድ ጨበጠች።

"የወለደው ማን ነው?"

"መንግሥቴ።"

"እርስዎስ ምኑ ነዎት?"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እኔ የአባቱ ጓደኛ ነኝ" አሉ።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ጠፍቷል ካላችሁ የመጥፋት ውሳኔ ጠይቁ። የት የት ፈልጋችሁ እንዳጣችሁት ምላችሁ ታስረዳላችሁ። በዚህኛው መንገድ አይሆንም።"

ግቢው ውስጥ ዶዮ ማንንም አልተሰናበተም። ባጃጅ አስቁሞ፣ በትሩን አስቀድሞ አስገብቶ ሄደ።

"አንተ አንድ ነገር አስተካክለህ ሠርተህ ታውቃለህ?" አለች እስከዳር። "አንድ ሽማግሌ ማስጠናት አቃተህ። አባዬ እውነቱን ነበር።"

ባለጉዳዮቹ ዘወር ብለው አዩት። ፍሬሰንበት የዚህንም ስድብ ቀን በልቡ ያዘ። እህቱ ስልኳን እየነካካች ወደ በሩ ስትርቅ ወደ ሽማግሌው ተጠጋ።

"አባ፣ ምን በደልኩዎት? እሱ እኮ በሕይወቱም ቦታዬን ወሰደ፣ ጠፍቶም ቤቴን ያዘ። አንዲት ቃል ነበረች የለመንኩዎት።"

"ቃሏን ሰጥቻታለሁ፣ ድሮ" አሉ አብዱባ። "የሰጠሁትን ልጅ የኔ ነው ብል፣ እኔም ሰው አልባል፣ እሱም አባት አይኖረው። እናቱ ስትሞት እንኳ ልጄን አምጡልኝ አላለችም። የመንግሥቴን ልጅ ሰላም በሉልኝ ነው ያለችው። ጥርሷን ነክሳ ነው ያለችው፣ ልጄ።"

"እኔ ታዲያ ምን ልሁን?"

"አንተ ወንድሙ ነህ። ዳኛዋ ሴትዮ የት ፈለጋችሁት አለች።" አብዱባ ከሽርጣቸው ሥር ያለውን ቋጠሮ በእጃቸው ደገፍ አደረጉ። "እኔ ተመልሼ ላልፈልገው የሰጠሁ ሰው ነኝ፣ ፍለጋ መሄድ ነውሬ ነው። አንተ እሄዳለሁ ብትል ማን ይከለክልሃል? ሞያሌ ወርደህ ጠይቀሃል?"

ፍሬሰንበት ግንቡ ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች አየ።

"አንድ ቀን? ከነዚያ ከብት ጫኝ ሾፌሮች አንዱን? የት አደረሳችሁት ብለሃል?"

ሽማግሌው ፊቱን ሽቅብ እያዩ ጠበቁ። ወደ አሬሮ የሚመለሰው ሚኒባስ ጊዜው ደርሷል፤ ጠዋት እጃቸውን ይዞ ሲያወርዳቸው፣ እኔው አሳፍርዎታለሁ ብሏቸው ነበር። መነኻሪያው ከፍርድ ቤቱ በታች በኩል ነው። ፍሬሰንበት የሸሚዙን ኮሌታ አቃና፣ ሽማግሌውን እዚያው ትቶ ዞረና ወደ ላይኛው መንገድ ወጣ።