ሥጋ የማይታዘዝበት ጠረጴዛ

፩

ሁሉም ያውቁ ነበር።

እኔ ግን እየበላሁ ነበር። ደግሞ በጣም ጣፍጦኝ ነበር።

፪

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ አበጋዝ እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለኝ። ሬዲዮ ስፈታ ብሎኖቹን ጨርቅ ላይ በተራ እደረድራለሁ፤ ስገጥም እንዳይጠፉብኝ። ይህንንም እንደዚያው ነው የምጽፈው። መጻፍ አላውቅም፣ መፍታት ግን አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ብሎን ቢጎድል አትፍረድብኝ፤ አንተ ፈልገህ ታስገባዋለህ።

፫ ጠረጴዛው

ደሴ፣ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ የእትዬ ትሁን ምግብ ቤት አለ። መሃሉ ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። እዚያ የሚቀመጠው አስታማሚ ብቻ ነው፤ ከየትም ይምጣ፣ ማንንም ያስታምም።

በዚያ ጠረጴዛ ሥጋ አይታዘዝም። ሕግ ብሎ የለጠፈው የለም። ሥጋ ከመጣ ግን የክርስቲያን ነው የሙስሊም ነው ይባልና ትሪው ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሰናፍጭ። እትዬ ትሁን የሁሉንም ትእዛዝ አንድ ትሪ ላይ ታወጣዋለች። ለብቻዬ ይቅረብልኝ ያለ እንደሆነ፣ «ለብቻው የሚበላ በሽተኛ ነው፤ ሂድና አልጋ ያዝ» ትለዋለች።

፬

በሽተኛዋ እህቴ ያልጋነሽ ናት። እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጉበቷን ነው ያመማት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ «ዛሬ ትንሽ ሻል ብሏታል» አለኝ። እታለምም ሻይ በሎሚ አምጣልኝ አለችና ግማሹን ጠጣች። ከዚያ ጺሜን አየት አድርጋ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

«ፍየል መስለሃል። ሂድ ተላጭ። በልተህ ና፤ ሳትበላ እንዳትመጣብኝ።»

ሄድኩ። ተላጨሁ።

፭

ይህ ቁጥር የእታለም ነው። እኔ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የሆነው እዚህ ይገባ ነበር። አልነበርኩም። ስለዚህ ባዶ ነው።





፮ እንደማስታውሰው

ትሁን፦ ና ወዲህ አበጋዝ፣ መሃል ግባ።

እኔ፦ ዛሬ እታለም ሳቀች! ሰማችሁ? ፍየል አለችኝ!

(አንገታቸውን ደፉ። እኔ የምስጋና መሰለኝ።)

ጋሽ እንድሪስ (የከሚሴ ሰው፣ ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ)፦ አልሐምዱሊላህ። ብላ ልጄ። ብላ።

እኔ፦ ምነው ጋሽ እንድሪስ፣ ዓይንዎ?

ጋሽ እንድሪስ፦ ሰናፍጩ ነው።

ብርቄ (የወረኢሉ ልጅ፣ እናቷ ከእታለም ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኙት)፦ ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ይጉረሱልኝ።

እኔ፦ ደግሞ አንቺም? ዛሬ ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ!

ብርቄ፦ ማታ እኔ አጠገባቸው አድራለሁ። እርስዎ ዛሬ ይተኙ፤ ከመጡ ወዲህ አልተኙም።

እኔ፦ እድሜ ይስጥሽ የኔ ልጅ!

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ሰው ሲያጎርስ «በሞቴ» ይላል። ያን ማታ ሁሉም አጎረሱኝ፤ «በሞቴ» ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

፯

እንጀራ አስጨመርኩ። ትሪው ሲያልቅ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ንግግር የማደርግ ሰው አይደለሁም፤ ሠርግ ላይ እንኳ ጥግ ነው የምይዘው። ያን ማታ ግን ልቤ ሞልቶ ነበር። አንድ ትሪ ላይ የተዘረጉትን እጆች አየሁ፤ የማንም ዘመድ ያልሆኑ እጆች። እነዚህ ሁሉ የእኔ ሰዎች ናቸው እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

«ተመስገን» አልኩ። «መኖር እንዴት ደግ ነገር ነው! እኔ ሳላውቀው ነው እስከዛሬ የኖርኩት።»

አሜን አሉ። ጋሽ እንድሪስ ሊመርቁኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ «አላህ...» ብለው መጨረስ አቃታቸው።

ጠገብኩ።

፰ መርዶ እንዴት ይደበቃል

መጀመሪያ ለዘመድ ትደውላለህ። (ብርቄ በእታለም ስልክ ለአጎቴ ደውላ ነበር። «ሰው ይዘን ሲነጋ እንደርሳለን፤ እስከዚያ እንዳይሰማ፣ ይብላ፣ ይተኛ» አላት።) በባዶ ሆዱ አትነግረውም። ብቻውን ሳለ አትነግረውም። መሃል ታስቀምጠዋለህ፤ ወደ ሆስፒታሉ እንዳይሄድ ምክንያት ትፈጥራለህ። ሲስቅ አብረህ ትስቃለህ። ሲያመሰግን አሜን ትላለህ።

ሲነጋ በሩን ታንኳኳለህ።

ያደርኩበትን አልጋ ቤት በር ስከፍት አጎቴ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ቆሟል። ከኋላው የሐይቅ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ኋላ ጋሽ እንድሪስ። ብርቄ።

ነጠላውን አይቼ ገባኝ።

፱

ሆዴ ሞልቶ ነው ያለቀስኩት።

እህቴ በድን ሆና ተኝታ እኔ እንጀራ አስጨምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚጣፍጠኝ ነገር ጠፋ። ሰው ሲያጎርሰኝ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ፤ ማን ሞቶ ይሆን? እላለሁ። አንድ ቀን ሚስቴ ሳልጠይቃት ዶሮ ብትሠራልኝ፣ ስልኬን አንስቼ ዘመድ አዝማዱን በሙሉ ደህና መሆኑን ጠየቅኩ። ዶሮው ቀዘቀዘ። ሚስቴም አለቀሰች።

ተመስገን ማለትም አቅቶኛል። ልል ስል ዙሪያዬን አያለሁ፤ አንገቱን የደፋ ሰው እንዳለ።

ያን ማታ ያመሰገንኩት ግን እውነቴን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ አመስግኜ አላውቅም። እታለምም ሞታ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ልገጥማቸው ስታገል ከረምኩ። አይገጥሙም።

፲

አርባዋን አውጥተን ደሴ ሄድኩ። ለጠብ ነው የሄድኩት። የብርቄ እናት ወጥተው እንደገና ገብተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። «እህቴ ሳትቀዘቅዝ እጇን መያዝ የእኔ ድርሻ አልነበረም? ማን ሥልጣን ሰጥቶሽ ነው የከለከልሽኝ?» ልላት መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ የሉም። የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም።

እትዬ ትሁን እንዳየችኝ ክንዴን ይዛ ወደ ማድ ቤት አስገባችኝ።

«ድምፅህን ቀንስ። የብርቄ እናት ቀን ላይ ዐረፉ። ልጅቷ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ ወርዳ ነበር፤ አልሰማችም። ወንድሞቿ ሲነጋ ይደርሳሉ። መጀመሪያ እዚህ በልተሽ ሂጂ ብዬ ደውዬላታለሁ፤ አሁን ትመጣለች፤ አጠገቧ ተቀመጥ። አንተን ታምናለች።»

«አላደርገውም። እነግራታለሁ።»

«ንገራት። በባዶ ሆዷ ንገራት። ከዚያ እስኪነጋ ማን ይይዛታል? አንተ ነህ?»

ወጥቼ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ።

ብርቄ መድኃኒቱን በፌስታል አንጠልጥላ ገባች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ጋሼ አበጋዝ! እንኳን ደህና መጡ! እማዬ ጠዋት ተደግፋ ተቀምጣ አጥሚት ጠጣች። ይሄው መድኃኒቱም ተገኘ፤ ተመስገን ነው።»

መሃል ተቀመጠች። ትሪው መጣ፤ ጠርዙ ላይ ሰናፍጭ። የማላውቃቸው አስታማሚዎች በየተራ አዩኝ። እጄን ታጥቤ ጠቀለልኩ። «በሞቴ» አፌ ላይ መጣ።

ዋጥኩት።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«ሰናፍጩ ነው።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንኳን መጡልኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ። ያን ማታ ስላልነገርኩዎት ተቀይመውኛል አይደል? አጉርሼ ሸኘሁዎት። እርስዎ ቢሆኑ ይነግሩኝ ነበር?»

ጉርሻው እጄ ላይ ነው።

፲፩

ብርቄ፦ ይንገሩኝ እንጂ ጋሼ።

እኔ፦