የፒክአፗ ሰፊ ወንበር

ደክሞኛል ስል ሰው ሁሉ «ጸልይ» ይለኛል። እጸልያለሁ። እዚህ ኖርዌይ፣ ሳይነጋ ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር የሰው ቢሮ እየወለወልኩም እጸልያለሁ፤ ግን ጸሎት እንቅልፍን አይተካም። ሮመን ሰፈር ያለው ቤታችን ደግሞ ቤት አይደለም፣ የቸርቻችን ቅርንጫፍ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኮሚቴው፣ የጸሎት ቡድኑ፣ አዲስ የመጣው እንግዳ፣ ሁሉም ሳሎናችን ውስጥ ነው። ባለቤቴ ጸዳለ እምቢ ማለት አታውቅም።

እኔን ያዳነችኝ ፒክአፕ መኪናዬ ናት። አሜሪካ ሠራሽ፣ በፈረንጅ የ1984 ሥሪት፣ ከአንድ ኖርዌጂያዊ ጎረቤት የገዛኋት። ዘመኑ አሜሪካኖች የመኪና ጭስ እንቀንስ ብለው የተነሡበት ስለነበር፣ ኮፈኗን ስትከፍቱ የጎማ ቱቦው እንደ በግ አንጀት ተጠማዞ ታያላችሁ። አንዷ ቱቦ ከተሰነጠቀች ሞተሩ ያስላል፣ ጭሱ ይበዛል። ጭሱ ከበዛ ደግሞ ኢዩ-ኮንትሮል የሚሉትን የመኪና ምርመራ አታልፍም። አላለፈችም። ታርጋዋን ነጠቁኝና ከሕንጻችን ሥር ባለው ጋራዥ ቆመች።

መጀመሪያ አዘንኩ። አንድ ቅዳሜ ቱቦዎቹን ልፈትሽ ወረድኩና ድካሙ ሲጫነኝ ወንበሯ ላይ ጋደም አልኩ። የድሮ አሜሪካ ፒክአፕ ወንበር ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ሰው እግሩን አጠፍ አድርጎ ይተኛበታል። ስነቃ መሽቷል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ «መኪና ልሠራ» ብዬ ወርጄ እተኛለሁ። ቱቦዋን ግን አልነካሁም። ምን ቆርጦኝ እነካለሁ?

አበሻ ሲራራ ያስፈራል። ባለፈው ግንቦት ከሥራ ስመለስ፣ የመዘምራኑ ኃላፊ ጋሽ ተረፈና መካኒኩ ደበላ እጃቸው በግሪስ ጠቁሮ ጋራዡ በር ላይ ፈገግ ብለው ቆመዋል።

«ብቻህን ስትታገላት አየን» አሉ ጋሽ ተረፈ። «ቁልፉን ጸዳለ ሰጠችን፣ በደቦ ጨረስናት። ደበላ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየራቸው። ምርመራውን አለፈች፣ ታርጋዋም ተመለሰ። እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የመዘምራኑን ስፒከር ግሮሩድ ሰፈር ላለው የመዝሙር ፕሮግራም ታደርስልናለህ!»

«ጌታ ይባርካችሁ» አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እነሱ የደስታ መሰላቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የቤታችን እንግዶች ከተሸኙ በኋላ፣ ስፒከሩን ጭኜ ጸዳለን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ድረስ አኩርፌ ነዳሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

«ቁልፉን ለምን ሰጠሻቸው?»

«ስላየሁህ» አለች፣ መንገዱን እያየች። «ያኔ በመጀመሪያ ሰሞን ምሳ ላመጣልህ ወረድኩ። ታንኮራፋለህ። አሳዘንከኝና አልቀሰቀስኩህም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልቀሰቀስኩህም። ሁለት ዓመት፣ ዘካርያስ! መጦሪያ ቤት ሽማግሌዎች ሳገላብጥ አድሬ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ሻይ አፈላለሁ፤ አንተ እታች ትተኛለህ። እኔስ? እኔስ የት ልተኛ?»

እምቢ አትልም እያልኩ ስወቅሳት ኖሬ፣ ለካ እኔም አንድ ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም፤ እንግዶቹን ለእሷ ጥዬ ነው የምወርደው። አፈርኩ። ይቅርታ ልላት ዞር ስል ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ግሮሩድ ስንደርስ ጋሽ ተረፈ መዘምራኑን አስከትለው ስፒከሩን ሊያወርዱ ሮጠው መጡ። ቀስ ብዬ ወረድኩና የጭነቱን የኋላ መዝጊያ በጀርባዬ ተደገፍኩት። እሱ ሲከፈት ጩኸቱ ሰፈር ያስነሳል።

«ዛሬ አይወርድም» አልኩ በሹክሹክታ።

«እንዴ! ያለ ስፒከር ልንዘምር ነው?»

«ጌታ ይሰማል፣ ጋሽ ተረፈ። እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት። ደግሞ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ እኛ ቤት ስብሰባ የለም።»

ጋሽ ተረፈ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። በመስኮቱ ጸዳለ ተኝታ ሲያዩ ግን መዘምራኑን በእጃቸው ጠቅሰው ወደ አዳራሹ ይዘዋቸው ገቡ። እኔ ከመዝጊያው ሳልላቀቅ እዚያው ቆምኩ።