የሕያው ሰው ተዝካር

ልጆቼ፣ ጀርመኖች ደሴታችንን ቀርጤስን በያዙ በሦስተኛው ዓመት፣ ጄኔራላቸው የፈረመው ትእዛዝ በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተለጠፈ። ወንድ ልጁ የጠፋበት ቤት ይቃጠላል፤ ቤተሰቡም ይረሸናል ይላል። ትእዛዙ ለማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም፤ የማዶው መንደር አመድ ገና ይጨስ ነበር።

አርጊሮ የምትባል ባልቴት ነበረች፤ ወንድ ልጇ ሲፊስ ተራራ ላይ ካሉት አርበኞች ጋር ነበር። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ነፍሰ ጡሯ ሴት ልጇ ሮዳንቲ ነበረች። ጭንቅ ቢላት ወደ ቄሱ ወደ አባ ካሊኒኮስ ሄደች።

«አባ፣ የሲፊስን ተዝካር ላውጣ።»

«ምነው? ሞተ እንዴ?»

«አፍዎን ይቁረጠው! እንደ ፍየል ጋራ ለጋራ ይዘላል። ግን የሞተ ሰው ጠፋ አይባልም።»

«ለሕያው ፍትሐት? ሟርት ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ጄኔራሉ ሮዳንቲን ከነፅንሷ ሲገድላትስ? ከእግዜር ኋላ ያስታርቁኛል።»

ቄሱ የፍትሐት መጽሐፋቸውን አወረዱና፣ «በይ ስንዴሽን ቀቅዪ። ሲኦል ከገባንም አብረን ነው» አሉ።

እሁድ ጄኔራሉ ራሱ ከወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር ለፍተሻ መጣ፤ ቆቡን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ንፍሮው ስኳር ለብሶ፣ እንደ አገራችን ደንብ የሟች ስም በለውዝ ተጽፎበታል። ነገሩ እውነት እንዲመስል የመርዶ ደወልም ተደወለ።

ደወል ግን ማን እንደ ሞተ አይናገርም። ሲፊስ ከተራራው ሰማው። እናቱን የተለያት ክረምቱን ሙሉ ስታስል ነበርና፣ «አለቀች!» ብሎ ጠመንጃውን ጥሎ ሊቀብራት ሮጦ ወረደ።

በሩ ላይ ሲቆም አርጊሮ አየችው። አፉን ሳይከፍት ቀደመችው።

«ግባ፣ እንግዳ። የልጄ ተዝካር ነው፤ ቅመስ።»

ሲፊስ ሳህኑ ላይ የገዛ ስሙን አነበበ። ገባው። ጥቂት ዘገነና፣ «ነፍስ ይማር፣ እትዬ» አለ።

«ማነው ይሄ? መታወቂያው የታለ?» አለ አስተርጓሚው።

«እኔ ምን አውቄ። መንገደኛ ነው» አለች አርጊሮ።

ጄኔራሉ በጣቱ ወደ ውጭ ጠቆመ፤ መታወቂያ የሌለው ጎልማሳ ፍርዱ የታወቀ ነው፣ መረሸን። ወታደሮቹ ሲፊስን ይዘው ወጡ። ሮዳንቲ ልትነሳ ስትል እናቷ ጉልበቷን ጨምቃ ያዘቻት። መንደርተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀና ያለ ግን አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ ተኩስ ተሰማ።

ያኔ አርጊሮ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ተዝካር ነውና ማንም ለምን አላላት። ጄኔራሉ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ፣ በአስተርጓሚው በኩል፣ «እግዜር ያጽናሽ» አላት። ቤቷንም አልነኩትም።

ወታደሮቹ እንደ ሄዱ አባ ካሊኒኮስ፣ ልጆቼ፣ መጽሐፋቸውን ወደ ኋላ ገልጠው ፍትሐቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት።