ለልጅ ብቻ የሚነገር ሥር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ሊባል ነው? አቶ መኳንንትን ያየ ይፍረድ።

ከጎጃም መጥተው አስኮ ከከተሙ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ሆዱን የቆረጠው፣ ችፌ ያስቸገረው ሁሉ ደጃቸውን ይጠና ነበር። ከሁሉ የተመሰገኑት ግን ለዘንጊ ሰው በሚሰጡት ሥር ነው። ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሳይቀድ፣ ከማንም ሳይነጋገሩ ቆፍረው ያመጡታል፤ ወቅጠው በማር ይሰጣሉ። ስሙን ለነፍስ አባታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። መድኃኒት ለባዳ ከተነገረ ይረክሳላ! ለአንዲት ልጃቸው ለዋጋነሽ ብቻ፣ ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ ብለው ቃል ገብተውላታል። ጊዜ እቴ፣ ማንን ጠብቆ ያውቃል?

መርሳቱ ዞሮ ዞሮ እሳቸውኑ ያዘ። መጀመሪያ የገዛ ቤታቸው በር ጠፋቸው፤ ቀጥሎ ከሞተች የቆየች ሚስታቸውን ምሳ አዘገየሽ ብለው ይቆጡ ጀመር። ሐኪሙ አልዛይመር ነው አለ። ክኒን አዘዘላቸውና፣ ቢያግዛቸው ለጊዜው ነው እንጂ አያድናቸውም ብሎ ለዋጋነሽ ሳይደብቅ ነገራት። እግረ መንገዱንም ይህ ክኒን መጀመሪያ የተገኘው ከአበባ እንደሆነ አጫወታት። ከዚያ ወዲያ ዋጋነሽ እረፍት አጣች። ከአበባ ከተገኘ የአባቷስ ሥር? ስሙን ጨርሰው ሳይረሱት ልታወጣጣቸው ቆረጠች።

አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ጤና አዳሙን ሲዳብሱ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ አገኘቻቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለ ሥሩ ጠየቀቻቸው። ትኩር ብለው አዩዋትና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሏት። «ለእርስዎ አልነግርም። ቃል የገባሁት ለልጄ ለዋጋነሽ ነው። አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች።»

አንቺ ብለው ያሳደጓት አባቷ እርስዎ አሏት። እኔ ነኝ ብትላቸው ፈገግ አሉ፤ የእሳቸው ዋጋነሽ ገና ትንሽ ልጅ ናት። ከግቢ ወጥታ አጥሩን ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ፣ ሻሿን ፈትታ፣ እንደ ልጅነቷ እየሮጠች ገባችና አባባ መጣሁ አለቻቸው።

አወቋት! እጇን ስበው አስቀመጧትና አፋቸውን ጆሮዋ ላይ አደረጉ። ትንፋሻቸው ብቻ ወጣ። ደግመው ሞከሩ። ስሙ የለም። እንባቸው ወረደ። ያስጨነቃቸው በሽታው አይደለም፣ ለልጃቸው የገቡት ቃል ነው። ዋጋነሽ ያን ጊዜ ሥሩ እንደቀረ፣ አባቷም እንደማይድኑ ገባት።

«ነግረውኛል እኮ፣ አባባ» አለቻቸው። «ትናንት ነው የነገሩኝ። ይዤዋለሁ።»

«እውነትሽን ነው?»

«ማርያምን!»

ዕድሜዋን ሙሉ በሐሰት ምላ አታውቅም። አቶ መኳንንት እፎይ ብለው ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ።

«ተመስገን» አሉ። «እንግዲህ ብረሳውም ግድ የለኝም።»